ስለ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገንና ስለ ቀይዋ መብራቷ

(በመምህራን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





የመታሰቢያው መጽሐፍ አዘጋጆች «ከማስተማር ዘመንዎ የማይረሱትን አንድ ነገር ይናገሩልን» ባሉኝ ጊዜ፥ ሌሎች ተናጋሪዎች ስለ ታላላቅ ተማሪዎቻቸውና ስለ ደጋግ ርእሰ መምህሮቻቸው እንደሚናገሩ ስለ ገመትሁ፥ እኔ ስለ አንዲት መኪና ለመናገር ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ፈቃዱም ተሰጠኝ። መኪናይቱ ዛሬ የእኔ አይደለችም፤ ከሸጥኋት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። «የብረት ዕቃ ለምን ይወደዳል? ከሸጡትስ በኋላ ለምን ይናፍቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ጥያቄው ተገቢ ነው። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚሞክር ነው።

መኪናይቱ እ.ኤ.አ. በ1959 የተሠራች ቮልስዋገን ነበረች። ሕዝባችን ስሟን አሳጥሮ «ቮልስ» ይላታል፤ የሙሉ ስሟ ትርጓሜ ግን በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ቅርጿ ክብ፥ ጀርባዋ ጐባጣ በመሆኑ የአገሯ ሰዎች በጥንዚዛ መስለዋታል።

መምህር የሚወደውን ነገር ታሪክ ሲናገር ክፉውንም ደጉንም መናገር ይገባዋል። ይህች መኪና የተወለደችበት ዘመን የሚያስመሰግን አልነበረም። ንድፏን ያወጣው መሐንዲሱ ፈርዲናንድ ፖርሼ ሲሆን፥ የፋብሪካዋን የመሠረት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1938 ያኖረው ሂትለር ነው። ለጀርመን ሠራተኛ «በየሳምንቱ 5 ማርክ ብትቈጥብ በ990 ማርክ የመኪና ባለቤት ትሆናለህ» ተብሎ ተነገረው። ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎች ቈጠቡ። ነገር ግን ጦርነቱ ተነሣ፤ ፋብሪካው ለጦር ሠራዊት ሥራ ዋለ፤ ከየአገሩ ተይዘው የመጡ ሰዎችም በግዳጅ እንዲሠሩበት ተደረገ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ከቈጣቢዎቹ መካከል አንድ ሰው ስንኳ መኪና አልተረከበም።

ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1945 ኢቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ሻለቃ በቦምብ የፈራረሰውን ፋብሪካ እንደ ገና ሥራ አስጀመረው። ከ1948 ጀምሮ ደግሞ ሃይንሪኽ ኖርድሆፍ የተባለው ሰው አመራሩን ይዞ አስፋፋው። እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ ሚሊዮነኛዋ ቮልስ ከፋብሪካው ወጣች፤ በ1972 ከ15 ሚሊዮን በላይ የደረሰውን የፎርድን «ሞዴል ቲ» ቍጥር አለፈች። የመጨረሻዋ በጁላይ 2003 በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ስትሠራ፥ ጠቅላላው ቍጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር። በእኛም አገር ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበር ሁላችንም የምናውቀው ነው።

አሁን ወደ እኔይቱ ልመለስ። በ1971 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምር በነበረ ጊዜ፥ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሲዛወር ሸጠልኝ። ሃያ ዓመት የሆናት፥ ከእኔም በፊት ሁለት ባለቤቶች ያዩዋት አሮጊት ነበረች። የሞተሯ ይዘት 1,192 ሳንቲ ሜትር ኩብ፥ ጕልበቷም 30 የፈረስ ጕልበት ነበር። ይህም ቢሆን በባሕር ጠረፍ ነው። ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳልና፥ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገራችን አየሩ በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ፥ የመኪናይቱም ጕልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንዲያውም ተማሪዎቼ ስለ አየር ግፊት የተማሩትን ከሁሉ ይልቅ የሚያስታውሱት «የጋሼ ቮልስ በደብረ ማርቆስ ስንት ፈረስ አላት?» በሚለው ስሌት ነበር።

የነዳጅ መጠን የሚያሳይ መርፌ አልነበራትም። ቤንዚኑ ሲያልቅ ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ያን ጊዜ ከመሪው በታች ያለችውን መዝጊያ በእግር ጫፍ ሲያዞሯት፥ ለመጠባበቂያ የቀረው 5 ሊትር ይለቀቃል። ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ የሚያልቅበት መምህር፥ እንዲህ ያለች መዝጊያ ለኪሱም ብትኖረው ምንኛ በወደደ! ቤንዚን በልክ በሚታደልበት በዚያ ዘመን ግን ያቺ 5 ሊትር ስንቱን መምህር ከመንገድ ላይ ማደር አድናለች። መብራቷ ባለ 6 ቮልት በመሆኑ ደካማ ነበር፤ ስለዚህ በሌሊት መንዳትን እንደ ጾም ቀን ሥጋ እንቈጥረው ነበር።

የቮልስ ትልቁ ጠባይዋ ሞተሯ ከኋላ መሆኑና ራዲያተር የሌላት መሆኗ ነው። ሞተሩን የሚያበርደው ውሃ ሳይሆን በማራገቢያ የሚገፋ ነፋስ ነው። ቺንጊያ የምንለው አንድ የላስቲክ ቀበቶ ዲናሞውን ያዞራል፤ ያው ዲናሞ በሌላው ጫፉ ማራገቢያውን ያሽከረክራል። እንግዲህ ቺንጊያው ከተበጠሰ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ኤሌክትሪክ መመንጨቱና ሞተር መብረዱ። በነጂው ፊት ካለው የፍጥነት መለኪያ ላይ አንዲት ቀይ መብራት አለች። እርሷ ስትበራ ነጂው ሳይዘገይ መቆም አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል።

በ1974 ዓ.ም. ክረምት ከሦስት መምህራን ጋር ሆነን ለፈተና እርማት ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፥ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን፥ ድልድዩን ተሻግረን፥ የጎሐ ጽዮንን ዳገት ስንያያዝ ቀይዋ መብራት በራች። ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ዳገት ስለ ሆነ፥ ጓደኞቼ ወርደው ከጎማው ኋላ ድንጋይ አኖሩ። መለዋወጫ ቺንጊያና ባለ 21 ቁልፍ ምን ጊዜም ከወንበሩ ሥር ነበሩ። ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ቍልቍል እየተመለከቱን በሃያ ደቂቃ ገጠምነውና ሞተሩ እስኪበርድ በጥላ ሥር ተቀመጥን። በዚያን ጊዜ የታሪክ መምህሩ ጓደኛችን «ይህች መብራት ሙቀት ትለካለችን?» ሲል ጠየቀኝ። «አትለካም» አልሁት። «ታዲያ የሞተሩን መሞቅ በምን ዐወቀች?» አለ። እስከ ፍቼ ድረስ የተጨዋወትነው በዚህ ነገር ነበር።

ይህ የታሪክ መምህር ጥያቄ ለፊዚክስ ክፍል የሚሻል ሆኖ ስላገኘሁት፥ ትምህርት ሲከፈት ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አቀረብሁት። «ቺንጊያው ሲበጠስ ቀይዋ መብራት ለምን ትበራለች?» አልኋቸው። ስለ ሙቀት በመጽሐፉ የተጻፈውን ሁሉ ቃል በቃል የሚያውቁ ልጆች ነበሩና፥ በአንድ ድምፅ «ሞተሩ ስለሚሞቅ ነው» ብለው መለሱ። እኔም «ትክክል ነው» ወይም «ስሕተት ነው» ሳልል ወደ ግቢው ይዣቸው ወጣሁ። መኪናይቱ ከማለዳ ጀምሮ ቆማ ስለ ነበር ሞተሯ ቀዝቃዛ ነበር። ሁለት ተማሪዎች ቺንጊያውን እንዲያወልቁ አደረግሁ፤ ከዚያም ሞተሩን ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ አስነሣሁት። ቀይዋ መብራት በርታ ቀረች። አንዲት ልጅ እጇን በሞተሩ ላይ አኑራ ቈየችና፥ «ጋሼ፥ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፤ መብራቱ ግን በርቷል። እንግዲያውስ መብራቱ ስለ ሙቀት የሚያውቀው ነገር የለም» አለች።

መልሱ ይህ ነበር። የመብራቷ አንደኛው ጫፍ ከባትሪው፥ ሁለተኛው ጫፍ ከዲናሞው ጋር የተያያዘ ነው። ዲናሞው በሚዞርበት ጊዜ ከሁለቱም ወገን ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት ስለሚተካከል በመብራቷ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ አይኖርም። ዲናሞው ሲቆም ግን የባትሪው ኤሌክትሪክ በእርሷ በኩል ወደዚያ ይፈስሳል፤ እርሷም ትበራለች። መብራቷ የምትናገረው ስለ ዲናሞው ብቻ ነው፤ ስለ ሙቀቱ የሚያስበው ነጂው ነው። እርሱም ዲናሞውና ማራገቢያው በአንድ ቺንጊያ እንደሚዞሩ ካላወቀ፥ ምልክቱን እያየ ምክንያቱን ይስታል።

ክቡራን ሆይ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ማርክ በመዝገብ ላይ በጻፍሁ ቍጥር ያቺ ቀይ መብራት ትታወሰኛለች። የፈተና ማርክም ምልክት ነው። ከዕውቀቱ ጋር የሚያገናኘው ቺንጊያ ደኅና ሲሆን እውነቱን ይነግረናል፤ ቺንጊያው ሲላላ ወይም ሲበጠስ ግን ማርኩ ስለ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ስለ ልጁ የማስታወስ ችሎታ፥ ስለ ፍርሃቱ፥ ወይም በዚያ ጧት ቍርስ ስለ አለመብላቱ። ልጆቹ በክፍል ውስጥ የመለሱልኝ መልስ በፈተና ወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ብዙ ማርክ ባስገኘላቸው ነበር። እውነቱን ያገኙት ግን እጃቸውን በብረቱ ላይ ባኖሩ ጊዜ ነው።

መኪናይቱን የሸጥኋት በ1986 ዓ.ም. ነው። እኅቴ ዐርፋ ሦስት ልጆቿ ወደ ቤቴ መጡ። ቤታችን ግን ለእኔ፥ ለባለቤቴና ለገዛ ልጆቻችን ስንኳ የምትጠብ ነበረች። በመምህር ደመወዝ ቤት መጨመር እንደማይቻል ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ገዢው ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ነበር። ዋጋውን ተነጋግረን ተስማማን፤ ሊብሬውም ተዛወረ። መለዋወጫውን ቺንጊያና ባለ 21 ቁልፉን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁትና የቀይዋን መብራት ነገር ነገርሁት። እርሱም ታግሦ አዳመጠኝ። የተገኘው ገንዘብ ለሁለት ክፍልና ለአንድ ማድቤት በቃ፤ ሦስቱም ልጆች በእነዚያ ክፍሎች አደጉ።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ይባላል። ይህ ተረት በእኔ ላይ አልሠራም፤ በእጄ ሳለችም ወርቅ መሆኗን ዐውቅ ነበር፤ የሸጥኋትም ከወርቅ ለሚበልጥ ነገር ነው። ሆኖም ለብዙ ዓመታት ሌሊት የቮልስ ድምፅ በመንገድ ሲያልፍ ከመኝታዬ ቀና እያልሁ አዳምጥ ነበር። ውሃ የሌለው ሞተር ድምፁ ከሌላው ይለያል፤ የእኔይቱ ደግሞ ከሌሎቹ ቮልሶች ይለይብኝ ነበር።

በመግቢያዬ ላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሴ እነሆ። የብረት ዕቃ የሚወደደው በዋጋው ወይም በውበቱ ብቻ አይደለም። በዚያች መኪና ውስጥ እጄ ያልነካው፥ ሥራውን የማላውቀው አንድ ብሎን አልነበረም። ያወቁትንና በእጅ የጠበቁትን ነገር መውደድ የሰው ጠባይ ነው፤ ያልከፈቱትን ነገር ግን መጠቀም ይቻል ይሆናል እንጂ መውደድ ያስቸግራል። ተማሪም ትምህርቱን የሚወደው በዚሁ ሕግ ይመስለኛል።

ዛሬ ዘመኑ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተወስኗል፤ በየመንገዱም በኤሌክትሪክ የሚነዱ መኪናዎች ይታያሉ። ልጆቻችን በኪሳቸው የሚይዙት ስልክ የእኔ ዘመን ሊቃውንት ያላለሙትን ሥራ ይሠራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስ የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን አዲሶቹ ዕቃዎች ምልክታቸው የበዛ፥ ምክንያታቸው የተሸፈነ ነው። በኤሌክትሪክ መኪናም ፊት ቀይ መብራት ይበራል፤ «ይህ መብራት በእውነት የሚያውቀው ምንድር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ በዚህ ስብሰባ ላይ ለሚገኙት የትምህርት ቤት ሹማምንት አንዲት ልመና አለችኝ፤ በጀትም አትጠይቅም። በየትምህርት ቤታችን የንብረት ክፍል ውስጥ ከመዝገብ ተሠርዘው የሚበሰብሱ ዕቃዎች አሉ፤ የማይናገር ሬዲዮ፥ የቆመ የግድግዳ ሰዓት፥ የተቃጠለ የውሃ መሳቢያ ሞተር። የንብረት ክፍል ኀላፊዎች እነዚህን ዕቃዎች ቈልፈው የሚያኖሩት ተጠያቂነት ስለሚያሰጋቸው ነው፤ አይፈረድባቸውም። እናንተ ግን ሥልጣን አላችሁና፥ በፊርማችሁ ወደ ሳይንስ ክፍል እንዲዛወሩ ፍቀዱላቸው። ተማሪዎቹ ይፍቱአቸው፤ መልሰውም ይግጠሙአቸው። ገጥመው ሲጨርሱ አንድ ብሎን ተርፎ በጠረጴዛው ላይ ቢገኝ አትቈጡ፤ የዚያ ቀን ትምህርት የሚጀምረው ከዚያች ብሎን ነውና።