ከጉድጓዱ ወደ ኋላ

ጎልፍን በአርባ ወይም በሃምሳ ዓመቱ የሚጀምር ሰው በልጅነቱ የጀመረውን ለመድረስ በዋናነት የሚቸገረው በአንድ ነገር ነው፤ ኳሷን አርቆ በመምታት። ጨዋታው ግን ርቀት አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ምት ነው። ኳሷን ሁለት መቶ ሜትር ያስበረረው ምት አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ከጉድጓዱ አፍ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማ በቀስታ ተገፍታ ስትገባም የሚቆጠረው አንድ ነው። ለዘገየ ጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም። ከዚህ ይልቅ የሚዘነጋ ነገርም የለም።

ጡረታ የወጣው መምህር፣ ልጆቹን አሳድጎ ፋታ ያገኘው ነጋዴ፣ ውጭ አገር ኖሮ የተመለሰው ሰው ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «አሁን አልረፈደም ወይ?» የሚል። ይህ ጥያቄ በዕድሜ ቆጠራ አይመለስም። የሚመለሰው ጨዋታው ከሰውነት ምን እንደሚፈልግ በማወቅ ነው።

ሙሉው የጎልፍ ጨዋታ 18 ጉድጓዶች አሉት። የእያንዳንዱ ጉድጓድ አፍ ስፋት 10.8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሲኒ ማስቀመጫ ያህላል ማለት ነው። ኳሷ ክብደቷ ከ46 ግራም አይበልጥም። ለየጉድጓዱ እንደ ርቀቱ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ምት ይመደብለታል፤ የአሥራ ስምንቱ ድምር ብዙ ጊዜ 72 ይሆናል። በዚህ ድምር ውስጥ ለየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ምት የሚታሰበው ግሪን ለሚባለው፣ ጉድጓዱ ላለበትና ሣሩ እጅግ አጥሮ ለተላጨው መሬት ነው። ሁለት በአሥራ ስምንት ሲባዛ 36 ይመጣል፤ የ72 እኩሌታ መሆኑ ነው። ስለዚህ የጨዋታው ግማሽ ጉልበት የማይጠየቅበት፣ ዓይንና የእጅ ለዛ ብቻ የሚሠሩበት ነው።

በምዕራብ ጎጃም የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የዙሪያው ገጠር ሰው ለዚህ ጨዋታ ፍጹም እንግዳ አይደለም። በገና ጨዋታ ሩር የምትባለውን ኳስ ሲለጋ ያደገ እጅ፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላ በሁለት እጅ መያዝን፣ መሬት ላይ ያለችን ትንሽ ነገር ሳይስቱ መምታትን ያውቃል። ልዩነቱ ሩሯ የምትሮጥ መሆኗ ነው። ባላጋራ ይቀማታል፤ ስለዚህ የገና ጨዋታ እግር፣ ትንፋሽና ትከሻ ይፈልጋል። የጎልፍ ኳስ ግን ቆማ ትጠብቃለች። ማንም አይቀማትም፤ መቺው እስኪረጋጋ ድረስ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። ሰው ከአርባ በኋላ የሚያጣው ፍጥነትና ጉልበት በገና ጨዋታ ብዙ ያስከፍለዋል፤ እዚህ ግን የሚያስከፍለው ጥቂት ነው።

በስሌት ማየት ይጠቅማል። ጉድጓዱ 350 ሜትር ርቆ ይገኛል እንበል። ጉልበተኛው ወጣት በመጀመሪያው ምት 230 ሜትር፣ በሁለተኛው 110 ሜትር ያስኬዳታል። አሥር ሜትር ቀረችው። ሦስተኛው ምት በዝቶ ግሪኑን ያልፋል፤ አራተኛው ይመልሳታል፤ በአምስተኛው ትስታለች፤ በስድስተኛው ትገባለች። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ጀማሪ ደግሞ 120፣ እንደገና 120፣ ከዚያ 100 ሜትር መትተው በሦስት ምት እዚያው አሥር ሜትር ላይ ይደርሳሉ። በአራተኛው ኳሷን ከጉድጓዱ አንድ እርምጃ ላይ ያሳርፏታል፤ በአምስተኛው ያስገቧታል። በሩቁ ሜዳ አንድ ምት የቀደማቸው ወጣት፣ በአሥር ሜትር ውስጥ ሁለት ምት ከስሮ ወደ ኋላ ቀረ።

እንግዲህ የዘገየ ጀማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው ከጉድጓዱ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። የመጀመሪያ ቀን ረጅሙንና ትልቁን ዱላ፣ ድራይቨሩን ያነሳል። ባለ በሌለ ኃይሉ ይሰነዝራል፤ ኳሷን ስቶ አየሩን ይመታል፤ ወገቡን ያመዋል፤ በሦስተኛው ሳምንት «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ተሸንፎ የወጣው በዕድሜው አይደለም፤ በጀመረበት ጫፍ ነው። በወር አንድ ጊዜ እንኳ ቀስ ብሎ ከጉድጓዱ አጠገብ ያልቆመ ሰው በዕድሜው ማሳበብ አይገባውም።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። መጀመሪያ ፓተር በሚባለው፣ ኳስን በመሬት ላይ ለማንከባለል በተሠራው ዱላ ከአንድ እርምጃ ማስገባት። አሥር ጊዜ ሞክሮ አሥሩንም ያስገባ ወደ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ወደ ሦስት እርምጃ ይርቃል። ቀጥሎ ዌጅ በሚባለው፣ ፊቱ ወደ ኋላ በተጋደመው ዱላ ከአሥርና ከሃያ እርምጃ ኳሷን ትንሽ አንስቶ ማሳረፍ ይለማመዳል። ከዚያ በኋላ መካከለኛው ሰባት ቁጥር አይረን ይመጣል። ድራይቨሩ የመጨረሻው ነው። ደንቡ አንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ሦስቱ ይበቃሉ። ለጀማሪ ሙሉ ኮሮጆ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ይህ አካሄድ ከምት ቁጠባ ሌላም ጥቅም አለው። ትንሹ ምት የትልቁ ምት እምብርት ነው። ኳሷ በዱላው ፊት መካከል የመመታቷ ስሜት ከአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ከተለመደ፣ ከመቶ ሜትር ላይ የሚጨመረው የክንድ መወዛወዝ ብቻ ይሆናል። ከሩቅ የጀመረ ሰው ግን ስህተቱንም በትልቁ ይለማመደዋል።

ደጋው ራሱ ለዚህ ምክር ያግዛል። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 18 በመቶ ያህል ይሳሳል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ከፍታ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አዲስ አበባ ደግሞ ትበልጣለች። በሳሳ አየር ኳስ የሚይዛት ስለሚቀንስ ከቆላው ርቃ ትበራለች። ርቀትን ደጋው በነጻ ይጨምራል፤ ቅርበትን ግን ማንም አይጨምርም፤ በልምምድ ብቻ ይገኛል።

ዘግይቶ ጀምሮ የመድረስ ማስረጃ ከራሱ ከጎልፍ ታሪክ ይገኛል። ታይገር ዉድስ ሁለት ዓመቱ ሳለ በቴሌቪዥን ቀርቦ ኳስ መትቷል። አሜሪካዊው ካልቪን ፒት ግን በ23 ዓመቱ ነው የጀመረው። ፒት ከአሥራ ዘጠኝ ልጆች አንዱ ሆኖ ተወልዶ በፍሎሪዳ እርሻዎች አትክልት እየለቀመ፣ በኋላም ለወቅት ሠራተኞች ዕቃ እያዞረ እየሸጠ ነበር የሚተዳደረው። በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ የተሰበረው የግራ ክርኑ እስከ መጨረሻው አልተዘረጋለትም፤ የጎልፍ አስተማሪዎች ግን የግራ ክንድ ይዘርጋ ይላሉ። ይህ ሰው በአሜሪካው የባለሙያዎች ውድድር 12 ጊዜ አሸንፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ታላቁን የተጫዋቾች ሻምፒዮና ወስዷል። አርቆ በመምታት የታወቀ አልነበረም። የታወቀው በማቅናት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 አሥር ዓመት በተከታታይ ኳስን ወደታሰበላት መስመር በመላክ አንደኛ ነበር። ላሪ ኔልሰን ደግሞ ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ በ21 ዓመቱ ጀምሮ ከታላላቆቹ ውድድሮች ሦስቱን አሸንፏል። ሃያ ሦስት ዓመት ለሌላው ልጅነት ይመስል ይሆናል፤ በዚህ ስፖርት ግን ሰው ያረፈደበት ዕድሜ ነው።

ከአገር ቤት ደግሞ አበበ ቢቂላ አለ። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታዎች ላይ ቀስት ሲወረውር ታየ፤ በዓመቱ ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ወደ 38 ዓመቱ ሲጠጋ፣ ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያጠለቀ ሰው፣ ምንም ካልለመደ ጀማሪ ጋር እኩል ተቀምጦ ቀስት መያዝን ተማረ። በሙያቸው አንቱ የተባሉ ሰዎች ዘግይተው ሲጀምሩ የሚከብዳቸው ጉልበት ማነሱ ሳይሆን በሰው ፊት መሳታቸው ነው። አበበ ያንን አላፈረበትም፤ ሌላውም ሊያፍርበት አይገባም።

ሰውነትን በሚመለከት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የጡንቻ መጠን በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እንደሚቀንስ ይገመታል። ወገብና ዳሌም ይደርቃሉ። ስለዚህ ከምት በፊት አሥር ደቂቃ መራመድ፣ ትከሻና ዳሌን ቀስ ብሎ ማዞር ግዴታ ነው። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሰዓት ከመድከም በየቀኑ ሃያ ደቂቃ መለማመድ ይሻላል፤ እጅ የሚለምደው በመደጋገም ነው፤ የተማረውን የሚያጸናውም በመካከሉ ባለው እንቅልፍና ዕረፍት ነው።

አያያዙን ያረሰ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። አዲስ አራሽ ዕርፉን አንቆ ይይዝና ገና አንድ ትልም ሳያወጣ ክንዱ ይዝላል፤ የለመደው ለስለስ አድርጎ ይዞ ሞፈሩን ይመራል። እንጨት ፈላጭም እንደዚሁ ነው። መጥረቢያውን አንስቶ ክብደቱ ራሱ እንዲወርድ የሚለቅ እስከ ማታ ይፈልጣል፤ በክንዱ የሚታገል በጠዋት ይደክማል። የጎልፍ ዱላም ጫፉ ላይ ክብደት የተቀመጠለት ለዚሁ ነው፤ ይለቀቃል እንጂ አይገፋም።

ልምምድ የት ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ይመጣል። በአዲስ አበባ የጎልፍ ሜዳው በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ይገኛል፤ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢም ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው አለ። ከምዕራብ ጎጃም ግን ይህ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጉድጓዱ የሚጀምር ተማሪ ይህ አያስጨንቀውም። ጎልፍ ራሱ ያደገው በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ የግጦሽ መሬት ላይ ነው፤ ሣሩን የሚያሳጥሩት በጎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1457 የአገሪቱ ምክር ቤት ወጣቱ የቀስት ልምምድ ረሳ ብሎ እስኪከለክለው ድረስ ሰው በዚያ መሬት ላይ ተጠምዶ ነበር። ከብት የጋጠው፣ አጨዳ ያለቀበት ለጥ ያለ መሬት፣ በውስጡም አፉ እስከ ሣሩ ድረስ የተቀበረ ጣሳ ለቅርብ ምት በቂ ነው። ወቅቱ ከኅዳር እስከ ግንቦት ይመቻል፤ ክረምት ሲገባ ሣሩ ይረዝማል፤ መሬቱም ይጨቀያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። እረኛ፣ ከብት ወይም መንገደኛ ባለበት ሜዳ ረጅም ምት መምታት ነውርም አደጋም ነው። ያች ትንሽ ኳስ ድንጋይ ናት፤ ዓይን ታጠፋለች፤ ጭንቅላት ላይ ካረፈች ትገድላለች። «ማንም የለም» ብሎ መገመት አይበቃም፤ ዙሪያውን አይቶ ማረጋገጥ ይገባል። በጋራ ሜዳ ላይ ከሃያ እርምጃ ያልበለጠ ምት ብቻ ይለማመዱ፤ ለዘገየ ጀማሪም የሚያስፈልገው ያው ነው።

የቀረው በአጭሩ ይህ ነው። ጎልፍ ደካማውን ከብርቱ ጋር የሚያስተካክል የምት ማካካሻ አለው፤ ሃንዲካፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ከፍተኛው 54 ነው። በ120 ምት የጨረሰ ባለ 54 ጀማሪ 66 ይያዝለታል፤ በ80 የጨረሰ ባለ 10 ደግሞ 70፤ አሸናፊው ጀማሪው ነው። መነሻ ሥፍራውም አንድ ብቻ አይደለም፤ ለሴቶች፣ ለአዛውንቶችና ለጀማሪዎች ቀረብ ያለው አለ። ሌላው ሲመታ ዝም ይባላል፤ የተነቀለ ሣር ተመልሶ ይረገጣል፤ የራስ ምት በእውነት ይቆጠራል።

ለውጡ የሚታወቀው በወረቀት ነው። ጀማሪው ከጣሳው ዙሪያ ከተለያየ ቦታ አሥር ኳስ ያስቀምጥና ሁሉንም ለማስገባት ስንት ምት እንደፈጀበት በየሳምንቱ ይጻፍ። በመጀመሪያ ሠላሳ ሊሆን ይችላል። ሃያ አምስት ሲገባ፣ ከዚያም ሃያ ሲደርስ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ እንደገና ይቁጠር።