ከአሥራ አንዱ ውጭ ያሉት

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በእግር ኳስ ተጨዋቾች ስም የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችሁ «የአንድ ቡድን ኑሮ ከውስጥ ሲታይ ምን ይመስላል?» በሚል ርእስ እንድንናገር ስለ ጋበዘን ከልብ እናመሰግናለን። እኛ ኳስ መጫወትን እንጀራችን ያደረግን ሰዎች ነን። ንግግር ሙያችን አይደለም። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ጋዜጠኛ ማይክሮፎን ሲያቀርብልን የምንመልሰው «ጨዋታው ጥሩ ነበር፤ ለሚቀጥለው ጠንክረን እንሠራለን» የሚለውን ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ከዚያ ያለፈ ነገር ልንነግራችሁ መጥተናል። ከምንነግራችሁም ውስጥ እኛን የማያስመሰግን ነገር አለበት።

እናንተ ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ የምታዩት ዘጠና ደቂቃና አሥራ አንድ ሰው ነው። ቡድን ግን አሥራ አንድ ሰው አይደለም። እኛ በነበርንበት ክለብ ሃያ ስድስት ተጨዋቾች ነበርን። አሥራ አንዱ ሲሰለፉ አሥራ አምስቱ ይቀራሉ። ከእነዚህም ከፊሎቹ በተጠባባቂ ወንበር ይቀመጣሉ፤ የቀሩት ማሊያ እንኳ ሳይለብሱ ከተመልካች ጋር ሆነው ያያሉ። የንግግራችን ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ቡድን መልካም ወይም ክፉ መሆኑ የሚታወቀው በተሰለፉት ጉብዝና ሳይሆን በቀሩት አያያዝ ነው የሚል ነው። ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ተሳስተን ነው።

አስቀድመን ስለ ኑሯችን ጥቂት እንናገር። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የፕሬሚየር ሊጉ ጨዋታ በየክለቡ ከተማ መደረጉ ቀርቶ፣ ቡድኖች በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ የሚጫወቱበት ሥርዓት መጣ። ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ በየተራ አስተናግደውናል። ስለዚህ ተጨዋች ማለት በዓመቱ ውስጥ ብዙ ሳምንታት ከቤቱ ርቆ በሆቴል የሚያድር ሰው ነው። ጧት ቁርስ፣ ከዚያ ልምምድ፣ ከዚያ ወጌሻው ዘንድ ተራ መጠበቅ፣ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት፣ ማታ እራት። የሁዳዴ ጾም ሲገባ ከመካከላችን ገሚሱ ይጾማል፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሌላው ገሚስ ይጾማል። ለሱሑር የሚነሣውን ጓደኛውን ስልክ ሞልቶ የሚቀሰቅስ ክርስቲያን፣ በጾም ቀን ሥጋውን ከጓደኛው ፊት ዘወር አድርጎ የሚበላ ሙስሊም በቡድናችን ውስጥ ነበረ። ይህን ያህል አብረን ኖረናል።

ይሁን እንጂ አብሮ መኖር ብቻውን ቡድን አያደርግም። አሠልጣኛችን ሁለቱን በረኞች በአንድ ክፍል ያሳድሯቸው ነበር። ነገሩን አስቡት። አጥቂ ቢደክም ሌላ አጥቂ ይገባል፤ አማካይም እንደዚሁ። የበረኛ ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው በረኛ የሚገባው አንደኛው ሲጎዳ፣ ሲታገድ ወይም ሲሳሳት ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ከጎኑ ባለው አልጋ ላይ የተኛውን ጓደኛውን ጉዳት አይመኝም፤ ነገር ግን ያለዚያ ጉዳት እንደማይሰለፍ ያውቃል። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ አይነጋገሩበትም። መብራት አጥፍተው ይተኛሉ።

በጨዋታው ዋዜማ ማታ አሠልጣኙ ስም ያነባሉ። ስሙ ያልተጠራ ሰው ፊቱን የሚያደርግበት ያጣል። ሆኖም ያን ሳምንት ሲሠራ የሰነበተው እርሱ ነው። በልምምድ ላይ የተጋጣሚያችንን አጥቂ ሆኖ እንደዚያ ሰው እየሮጠ፣ እንደዚያ ሰው እየመታ ተከላካዮቻችንን የሚያዘጋጅልን ያልተሰለፈው ነው። እሑድ ዕለት ተከላካዩ የተጋጣሚውን አጥቂ ዘዴ ቀድሞ አውቆ ኳሱን ሲነጥቀው እናንተ ታጨበጭባላችሁ። ያንን ዘዴ ሳምንቱን ሙሉ ያሳየው ሰው ግን ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ያያል።

ከዕለታት አንድ ቀን በሆቴል ሆነን የአገራችንን ታላቅ ድል እያነሣን እንጠያየቅ ጀመር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአፍሪቃ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ወጥታ ነው። ግቦቹን ያስገቡት ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ መሆናቸውን ሁላችንም እየተሻማን ተናገርን። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ እንደ ነበሩም ሁሉም ያውቃል። ከዚያ አንዱ «ያን ቀን ሳይሰለፉ የቀሩት እነማን ነበሩ?» ብሎ ቢጠይቅ ከመካከላችን አንድ ስም የጠራ አልተገኘም። ጠያቂው ሁለተኛው በረኛችን ነበር።

በዚያው ዕለት፣ ጥር 13 ቀን፣ ከ51 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ምን እንደ ሆነ ደግሞ አስታውሱ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪቃ ዋንጫ ተመልሳ በደቡብ አፍሪቃ፣ በኔልስፕሩት ከተማ፣ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመች። በመጀመሪያው አጋማሽ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዘሪሁን ታደለ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ ገባ፤ እርሱ እንዲገባም ከሜዳ ውስጥ አንድ ሌላ ተጨዋች መውጣት ነበረበት። ዛምቢያ ከዕረፍት በፊት አንድ ግብ ብታስገባም ቡድኑ በአሥር ሰው ተጫውቶ፣ አዳነ ግርማ ከዕረፍት በኋላ አስገብቶ፣ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ሁላችሁም የአዳነን ጎል ታስታውሳላችሁ። እኛ ግን፣ ሙያችን ስለ ሆነ፣ የምናስበው በዚያ ሰዓት ከወንበሩ የተነሣውን ሰው ነው። ይህ ሰው ለወራት የተያዘው እንደ ትርፍ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያች ደቂቃ ተከላካዮቹን በምን ድምፅ ያዛል?

አሁን ወደማያስመሰግነን ነገር እንመጣለን። የክለቡን ስም አንጠራም፤ የምንከሰውም ከሁሉ አስቀድመን ራሳችንን ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደመወዝ ሦስት ወር ሙሉ ሳይከፈለን ቀረ። የቤት ኪራይ የሚጠየቅ አለ፤ ለእናቱ የሚልክ አለ፤ ሚስቱ የወለደች አለ። በዚህ መካከል በአንድ ጨዋታ ዋዜማ ማታ የቡድን መሪው ዘወትር ከምንሰለፈው ሰባታችንን ወደ አንድ ክፍል ጠሩን። «ጥቂት ገንዘብ ተገኝቷል፤ ለሁሉ አይበቃም። እናንተ የአንድ ወር ደመወዛችሁን ውሰዱ፤ ነገ ተጫወቱ፤ ለማንም አትንገሩ» አሉን። እኛም ወሰድን። አንድም ሰው «ሌሎቹስ?» አላለም። እንዲያውም አንዳችን «ደግሞስ የምንሮጠው እኛ አይደለን?» ማለቱን እናስታውሳለን። በማግሥቱ አሸነፍን።

ምስጢር ግን በሆቴል ውስጥ አይቀበርም። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ሰማ። የሚያስገርመው የቀሩት ልጆች አልጮኹብንም፤ የሸሸናቸው እኛ ነን። በምግብ ሰዓት እነርሱ ባሉበት ጠረጴዛ መቀመጥ አፈርን። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስልካችንን እናይ ጀመር። ሁለተኛው በረኛም ከክፍል ጓደኛው ጋር ያው መብራት አጥፍቶ ይተኛል፤ አሁን ግን የማይነጋገሩበት ነገር ሁለት ሆነ።

በሚቀጥለው ጨዋታ አንደኛው በረኛ በሃያኛው ደቂቃ ገደማ ጣቱ ተጎድቶ ወጣ። ሁለተኛው ገባ። ከዕረፍት በኋላ ኳስ ከማዕዘን ተሻገረ። በረኛ እንዲህ ባለ ጊዜ «ልቀቅ!» ብሎ መጮህ አለበት፤ ተከላካዩም ያን ድምፅ ሰምቶ ይለቃል። ድምፅ አልተሰማም። ተከላካያችንና በረኛችን አንድ ኳስ ላይ ዘለው ተላተሙ፤ ኳሱ ወደቀ፤ የተጋጣሚው አጥቂ ባዶ ጎል ውስጥ አስገባው። 1 ለ 0 ተሸነፍን።

በመልበሻ ክፍል ውስጥ ተከላካዩ «ለምን አልጠራኸኝም?» ብሎ ተቆጣ። ልጁ ታኬታውን እየፈታ ቀስ ብሎ «ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔን ያላየኸኝን ሰው በአንዲት ቅጽበት እንዴት ልጥራህ? አፌ እምቢ አለኝ» አለ። መልስ የሰጠው አልነበረም። ልጁ ተንኮል አላሰበም፤ እናውቀዋለን። እኛ ግን ሰባት ደመወዝ ወስደን የአንድ ቃል ዋጋ ከፈልን።

ያን ማታ አምበላችን የሰባታችንን ገንዘብ ሰብስቦ ሃያ ስድስታችንን በመመገቢያ አዳራሽ ጠራ። ከሰባቱ ሁለቱ ለቤተ ሰብ ልከውት ስለ ነበረ በኋላ ሊከፍሉ ተስማሙ። ገንዘቡ ለሁሉ ሲካፈል ለአንዱ የደረሰው ለቤት ኪራይ የማይበቃ ነበር። ዳሩ ግን የጠረጴዛው ነገር በዚያው ማታ አበቃ። ከዚያም አንድ ደብዳቤ ጽፈን ሃያ ስድስታችንም ፈረምንበት፤ «ከእንግዲህ ለአንዱ ሳይከፈል ለሌላው ቢሰጥ አንቀበልም» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ አልተሳካልንም። የውድድሩ ዘመን ሳያልቅ የሁለት ወሩ ተከፈለን፤ የሦስተኛው ወር እስከ ዛሬ አልተከፈለም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ለብቻው ወደ ክፍል አልተጠራም።

በኋላ ስንጠይቅና ስናነብ ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ ተረዳን። በእንግሊዝ አገር እስከ 1953 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1961 ድረስ፣ የቱንም ያህል ዝነኛ ተጨዋች ቢሆን በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ደንብ ይከለክል ነበር። ጂሚ ሂል ይመሩት የነበረው የተጨዋቾች ማኅበር ሥራ ለማቆም ሲወስን ስመ ጥሩውም ስሙ የማይታወቀውም አብሮ ቆመ፤ ደንቡም ተሻረ። ዝነኞቹ ለብቻቸው ተጠርተው «እናንተ ውሰዱ፤ ለማንም አትንገሩ» ተብለው ቢቀበሉ ኖሮ ደንቡ እስከ መቼ በቆየ ነበር? ዛሬም ቢሆን የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ መሠረት ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ያለ አግባብ ያልከፈለው ተጨዋች ቢያንስ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ለማፍረስ በቂ ምክንያት አለው። ይህን ደንብ ያወቅነው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስንፈርም ያነበብነው የገንዘቡን መጠንና የፊርማውን ቦታ ብቻ ነበርና።

እንግዲህ ከእናንተ ሦስት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፣ ሕግ የምትማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ በየሰፈራችሁ ኳስ የሚጫወት ልጅ ውል ይዞ ሲመጣ ከመፈረሙ በፊት አብራችሁት አንብቡ። አንድ ሰዓት ብቻ ይፈጅባችኋል፤ እርሱን ግን ከብዙ ወራት ልመና ያድነዋል።

ሁለተኛ፣ ክቡራን መምህራን፤ የተጨዋች ዕድሜ አጭር ነው። እናንተ በሙያችሁ በምትበስሉበት ዕድሜ እኛ ጡረታ የሌለን ጡረተኞች እንሆናለን። ከመካከላችን በማታ ትምህርት ለመመዝገብ የሚመጣ ቢኖር «ኳስ ተጨዋች ምን ሊሠራ መጣ?» ብላችሁ አትዩት። ጉልበቱ ሳይደክም የመጣ ከሆነማ ብልህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁላችሁም ወደ ሜዳ ስትመጡ፣ ተጠባባቂ ተጨዋች ተነሥቶ በመስመሩ ዳር መሮጥ ሲጀምር እዩት። ዛሬ ደንቡ በአንድ ጨዋታ አምስት ሰው መለወጥን ይፈቅዳል፤ በዓለም ዋንጫ ግን እስከ 1962 ዓ.ም. የሜክሲኮ ውድድር ድረስ አንድም ሰው መለወጥ አይፈቀድም ነበር። በዚያ ዘመን የቀረ እንደ ቀረ ይቀር ነበር። ዛሬ የቀረው ሊገባ ይችላል፤ ሲገባም ይዞት የሚገባው እኛና እናንተ ውጭ በነበረበት ጊዜ የሰጠነውን ነው።

ሁለተኛው በረኛችን ዛሬ ከእኛ ጋር መጥቷል። እንዲናገር ብንለምነው «እናንተ ተናገሩ፤ እኔ እሰማለሁ» ብሎ ከኋላ ተቀምጧል። ስሙን እንዳንጠራው ስላስማለን አንጠራም። ነገር ግን ይህ ንግግር ምን መያዝ እንዳለበት ስንማከር «ገንዘቡን የወሰዳችሁትንም ንገሯቸው፤ ያለዚያ ተረት ይሆናል» ያለን እርሱ ነው።