ሠራተኛዋ ገሳይ፣ አሠሪዋ ባሕር ማዶ፤ ሕጉስ የት ነው?

በደብረ ታቦር ለሕግ መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ



ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ሌሎች አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አስፍረው መሣሪያ ያሠሯቸው ነበር፤ ኋላ ወደ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖልም የተሠራው እዚያው ነው። በዚያ ዘመን የሩቅ አገር ሙያ የፈለገ ንጉሥ ባለሙያውን ራሱን ከአጠገቡ ማስቀመጥ ነበረበት። ሰውየው የሚኖርበት፣ የሚሠራበትና አሠሪው የሚገኝበት አገር አንድ ነበር። ዛሬ የማነሣው እነዚህ ሲለያዩ የሚፈጠረውን ችግር ነው።

አንዲት ወጣት እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ዓይነት ናት። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ወደ ትውልድ ቦታዋ ወደ ገሳይ ተመልሳለች። በወር 500 ዶላር ለሚከፍላት የውጭ ድርጅት ሶፍትዌር ትፈትሻለች። ድርጅቱ በኢትዮጵያ ቢሮም ወኪልም የለውም። የሥራ ሰዓቷን የሚወስነው፣ ሥራዋን የሚያርመው፣ ፈቃድ የሚሰጣትና የሚከለክላት አለቃዋ ነው። የፈረመችው ሰነድ ግን ራሷን የቻለች ተቋራጭ እንጂ ሠራተኛ አይላትም።

ከግብር ልጀምር፤ ሕጉ እጅግ ግልጽ የሆነው በዚህ ላይ ነውና። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት መኖሪያዋ ኢትዮጵያ የሆነ ሰው ከየትም በምታገኘው ገቢ ላይ ግብር ትከፍላለች። ከዚህም በላይ፣ ሥራው የተሠራው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ደመወዙ የትም ይከፈል የት ምንጩ ኢትዮጵያ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ምጣኔ ከ14,000 ብር በላይ ያለው የወር ደመወዝ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሬው ተመን በገበያ ስለሚወሰን፣ 500 ዶላር በብር ሲሰላ አብዛኛው ክፍሉ በዚህ እርከን ውስጥ ይወድቃል። ይህን አልቃወምም። ግብር መክፈል አለባት።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውልን የሚለየው ሰው በሌላ ሰው መሪነት ለደመወዝ መሥራቱን አይቶ ነው፤ ስለዚህ «ተቋራጭ» የሚለው ቃል ብቻውን ጉዳዩን አይዘጋውም። አዋጁ ሠራተኛ በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ ሆኖ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር የሚሠራበትን ውልም ያውቃል። አሠሪው ጥሬ ዕቃ ሸጦ ምርቱን መልሶ የሚገዛበትን ስምምነት ሳይቀር በዚህ ውስጥ ያስገባዋል። ሕግ አውጪው በዓይነ ኅሊናው ያየው ጥጥና ሸማኔ ይመስለኛል። ስክሪኗን በየጥቂት ደቂቃው ፎቶ የሚያነሣ ፕሮግራም የተጫነባት ልጅ በቀጥታ ቁጥጥር ሥር ናት ወይስ አይደለችም? መልሱ በቤት የሚሠራ ሠራተኛ ወይም መደበኛ ሠራተኛ ያደርጋታል። ተማሪዎች ሆይ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ ይኸው።

ይህን ጥያቄ ከወረቀት ያወጣው የራሳችን ክልል ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ የተቋረጠው ወደ ሥራ መግቢያው በር ነበር፤ መቋረጡም የቀናት አልነበረም። አሁን አዋጁን ግለጡ። ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት ውሉን ሳያፈርስ መብትና ግዴታን ለጊዜው የሚያግደው፣ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የአሠሪው ሥራ በሙሉ ወይም በከፊል ሲቋረጥ ነው። የአሠሪዋ ሥራ ግን በሌላ አህጉር ሳይስተጓጎል ቀጥሏል። ቆሞ የዋለው የእርሷ ነው። ሕጉ ፋብሪካው ሲቆም እንጂ ፋብሪካው እየሠራ ሠራተኛዋ መንገድ ሲዘጋባት ምን እንደሚሆን አላሰበም።

የሁለት ወር ደመወዟን ቢከለክሏትስ? ኢትዮጵያ በአንድ ሕግ የተጠቃለለ ዓለም አቀፍ የግለሰብ ሕግ የላትም። እንዲህ ያለ ክርክር የሚታየው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ በክልላችን ይህን ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ውክልና የሚሠራበት የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ትሄዳለች። ረታች እንበል። ድርጅቱ እዚህ የሚያዝ ንብረት ስለሌለው ፍርዱን ይዛ ወደ ድርጅቱ አገር ፍርድ ቤት መሄድ ሊኖርባት ነው። ለ1,000 ዶላር ይህን የሚያደርግ ሰው አላየሁም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ መድኃኒቱ የውጭ ድርጅቶች እዚህ እንዲመዘገቡ ማስገደድ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ አንዲት ሠራተኛ ለማቆየት ሲል አዲስ አበባ ቢሮ የሚከፍት ድርጅት የለም፣ ናይሮቢ ወይም ማኒላ ያለ ሌላ ሰው ይቀጥራል። ይልቅስ ግብሯን ከተቀበለው መንግሥት እንጀምር። ገቢዎች መሥሪያ ቤት ገቢዋን ከመቀጠር የተገኘ ብሎ ግብሩን ሲቀበል፣ ሠራተኛ መሆኗን በራሱ ሰነድ አምኗል። ያ ደረሰኝ በሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ሊቆጠርላት ይገባል። ለምሳሌ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ እንዲያዋጡ ያዛል፤ ሥርዓቱ የተቀረጸው ግን መዋጮውን ቀንሶ ገቢ የሚያደርግ አሠሪ አለ በሚል ነው። በዚያው የግብር ማስታወቂያ ላይ 18 በመቶውን ራሷ እንድትከፍልና እንድትሸፈን መፍቀድ አሠሪዋን ፍለጋ ባሕር መሻገር አይጠይቅም። የሚጠይቀው የእኛን ሕግ ማሻሻል ነው፤ ያ ደግሞ በእጃችን ነው።

ሰዓቱ ስለደረሰ ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልለፍ።