የማይለዋወጥ መጠን
ስለ ውህዶች ክብደት ለመምህራን የተደረገ ንግግር



ጠጅ የሚጥል ሰው ማሩን እንደ ፈቃዱ ያበዛል ወይም ያሳንሳል፤ ቢወፍርም ቢቀጥንም ጠጅ መባሉ አይቀርም። ውሃ ግን እንዲህ አይደለም። ከወንዝ ቢቀዳ፣ ከዝናብ ቢጠራቀም፣ በቤተ ሙከራም ቢሠራ፣ ንጹሕ እስከ ሆነ ድረስ ለ1 እጅ ሃይድሮጅን 8 እጅ ያህል ኦክሲጅን በክብደት ይገኝበታል። ይህ ነገር ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት በአንድ መስመር ተጽፎ ይነበባል፤ ዳሩ ግን ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበት ነው።

አንደኛው በ1754 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በአንዤ ከተማ የተወለደው ዦዜፍ ፕሩስት ነው። ፕሩስት በእስፓኝ አገር በሴጎቪያና በማድሪድ ሲያስተምር ሲመራመር ቆይቶ፣ በ1799 ስለ መዳብ የሠራውን ጥናት አሳተመ። 100 እጅ መዳብ በአሲድ አሟሙቶ በካርቦኔት ሲያዘቅጠው 180 እጅ አረንጓዴ ካርቦኔት ሰጠው። ከምድር ተቈፍሮ የሚወጣውም አረንጓዴ ድንጋይ ሲመረመር፣ የሰው እጅ ከሠራው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ነው። ቤርቶሌ በ1798 ከናፖሌዎን ጋር ወደ ግብጽ ዘምቶ ሳለ፣ በናትሮን ሐይቆች ዳር ጨውና የኖራ ድንጋይ ተገናኝተው ሶዳ ሲሆኑ ተመለከተ፤ በቤተ ሙከራ የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ስለዚህ የነገሮቹ ብዛት የሥራውን አካሄድ ይለውጣል አለ፤ በዚህም እውነቱን ነበረ። ነገር ግን አልፎ ሄዶ የውህዱም መጠን እንደ ብዛቱ ይለዋወጣል ብሎ አስተማረ። ፕሩስትም ይለዋወጣል የተባለው የሁለት ውህዶች ድብልቅ እንጂ አንድ ውህድ አይደለም ሲል መለሰለት። ክርክሩ ስድብ የሌለበት እንደ ነበረ ልብ ሊባል ይገባል።

ፕሩስት ቆርቆሮ፣ በሳይንስ አጠራር ቲን የሚባለው፣ ከኦክሲጅን ጋር ሁለት ዓይነት ውህድ እንደሚሠራ አሳይቷል። በዛሬው ልክ አንዱ ከመቶ 11.9፣ ሌላው 21.2 ኦክሲጅን አለበት። እንዲህ ሲጻፍ የሁለቱ ዝምድና አይታይም። ሒሳቡ ለ100 እጅ ቆርቆሮ ሲደረግ ግን 13.5 እና 27 ይሆናል፤ አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። ፕሩስት ከመቶ ይቈጥር ስለ ነበረ ይህ አመለጠው፤ የእጥፉን ምሥጢር ከአቶሞች ጋር ያያያዘው እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን ነው።

ቤርቶሌም ፈጽሞ አልተረታም። ቩስታይት የተባለው የብረትና የኦክሲጅን ውህድ መጠኑ በጥቂቱ ይለዋወጣል፤ እንዲህ ያሉት ጠጣሮች ዛሬ በስሙ ቤርቶላይድ ይባላሉ።

ለመምህር ግን ከሁሉ የሚበልጠው የፕሩስት 180 ነው። በዛሬ ስሌት ቍጥሩ 174 ያህል መሆን ይገባው ነበር። ሕጉ የቆመው እንግዲህ ፍጹም ባልሆነ ሚዛን ላይ ነው። በብዙ ክፍሎች ተማሪው ማግኒዥየም አቃጥሎ ይመዝንና፣ ያገኘውን ደምስሶ መጽሐፉ ያለውን ይጽፋል፤ መምህሩም ያርምለታል። ይህ ሐሰትን ማስተማር ነው።

0.30 ግራም ማግኒዥየም 0.50 ግራም ያህል ኦክሳይድ ይሰጣል። ተማሪው 0.47 ቢያገኝ፣ ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጢስ አምልጦ ይሆን? ከአየሩ ናይትሮጅን ጋር የተዋሐደ ይኖር ይሆን? ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሮ እንደ ገና ቢያግለውስ? ስምንት ቡድኖች ልዩ ልዩ ክብደት ያለው ማግኒዥየም ቢያቃጥሉና ያገኙትን ሳይለውጡ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ነጥብ ቢያደርጉ፣ አንዱ ነጥብ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል፤ ነጥቦቹ ግን ከዜሮ በሚነሣ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ዙሪያ ይሰለፋሉ።