በአንድ መስመር ላይ የቆሙ ጸሎቶች

(በሐይቅ ከተማ በምረቃ በዓል ላይ በተጋባዥ እንግዳ የተደረገ ንግግር)

ተመራቂ ልጆቼ፤

በምረቃ በዓል ላይ የሚጠራ እንግዳ ስለ አገር ዕድገትና ስለ ወጣት ኃላፊነት መናገር ልማዱ እንደ ሆነ ባውቅም፣ ይህን ከእኔ አብልጠው የሚናገሩ ሞልተዋልና፣ እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ሳልለያቸው ስለ ኖርሁ ስለ ሁለት ነገሮች፣ ማለት ስለ ጸሎትና ስለ ሩጫ፣ ጥቂት እንድናገር ትፈቅዱልኝ ዘንድ እለምናችኋለሁ። የምናገረው ባደግሁበት በክርስትና ሃይማኖት አፍ ነው፤ ሰው በማያውቀው ሃይማኖት ቢናገር ሐሰተኛ ይሆናልና። ይሁን እንጂ አንዱ ወንድም ሲያስቀድስ ሌላው ሲሰግድ፣ በዐውደ ዓመቱም በዒዱም እየተጠራራ በኖረ በወሎ ሕዝብ መካከል ስለ ቆምሁ፣ ሙስሊሞች ልጆቼ የእኔን ቃል ወደ ራሳችሁ ዱዓ መልሳችሁ እንደምትሰሙት አልጠራጠርም።

ሯጭ ነኝ ስላችሁ ሜዳሊያ አትጠብቁብኝ። በማለዳ ተነሥቼ፣ ታንኳ የሚቀዝፉት አሣ አጥማጆች ከውኃው ሳይወጡ፣ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ላይ በዝግታ የምሮጥ ሽማግሌ ነኝ። እኛ ልጆች በነበርንበት ዘመን ትልቅ ሰው የሚሮጠው መርዶ ሊያደርስ፣ ቃጠሎ ሊያጠፋ ወይም የተነዳ ከብት ሊያስመልስ ስለ ነበረ፣ ዛሬም ቢሆን የእኔን ሩጫ ያየ ሁሉ በሰላም አይመለከተውም። አንድ ቀን እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ሸክማቸውን እንደ ያዙ ቆም ብለው «ኧረ ለደግ ነው ወይ አባባ?» ብለው ጠየቁኝ። ለጤና ነው ብዬ ስመልስላቸው፣ በነገሩ እምብዛም እንዳልተደሰቱ ከፊታቸው ቢታወቅም፣ «አብሽሩ እንግዲያ!» ብለው አሰናበቱኝ። ከዚያ ወዲህ ትንፋሽ ሲያጥረኝ የምሰማው ይህንኑ ቃል ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። በኦሎምፒክ የሴቶች 5000 ሜትር ውድድር መሠረት ደፋርና ጥሩነሽ ዲባባ በሦስት ተከታታይ ፍጻሜዎች ተገናኝተዋል። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ መሠረት አንደኛ፣ ጥሩነሽ ሦስተኛ ሆነው ገቡ፤ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ጥሩነሽ አንደኛ፣ መሠረት ሦስተኛ ሆነው መስመሩን አለፉ፤ በ2004 ዓ.ም. በለንደን እንደ ገና መሠረት አንደኛ፣ ጥሩነሽ ሦስተኛ ሆኑ። የለንደኑን ፍጻሜ ያየ ሰው፣ መሠረት መስመሩን እንዳለፈች እጇን ወደ መለያዋ ውስጥ ሰድዳ የእመቤታችንን ሥዕል እንዳወጣች፣ ዓለም ሁሉ እንዲያየው ወደ ካሜራው እንደ ዘረጋችውና በፊቷ ላይ አድርጋ እንዳለቀሰች ያስታውሳል። ዕለቱ ነሐሴ 4 ቀን ነበር፤ በእመቤታችን ስም የተሰየመው ጾመ ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን። በዚያች ሌሊት በየቤቱ ያለቀሰው ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ነገሩን ያየው ጸሎት እንደ ሰመረ፣ ስእለትም እንደ ደረሰ አድርጎ ነው።

ነገር ግን የቤጂንጉ ፍጻሜ የተሮጠው ነሐሴ 16 ቀን፣ በራሱ በበዓለ ፍልሰታ ዕለት እንደ ነበረ ስንቶቻችን ልብ ብለናል? በጾሙ መካከል አንደኛ የወጣችው መሠረት፣ ከአራት ዓመት በፊት በበዓሉ ቀን ከፊቷ ሁለት ሴቶች ቀድመዋት ነበር፤ የቀደመቻትም ጥሩነሽ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት። በለንደን ከአንደኛዋ እስከ ሦስተኛዋ የነበረው ልዩነት አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ በመካከላቸው የገባችው ኬንያዊት ቪቪያን ቼሩዮት ናት፤ በኬንያም ለልጁ ተንበርክኮ የሚለምን ወላጅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ታዲያ በአንድ መስመር ላይ የቆሙት ሁሉ ጸልየው፣ የሁሉም ወላጆች ተስለው ሳለ፣ እግዚአብሔር የማንን ጸሎት ሰማ፣ የማንንስ ናቀ ልንል ነው? ይህን ጥያቄ በድፍረት ካልጠየቅነው ሃይማኖታችን የዕጣ መጣያ ሆኖ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ሥዕሉ የነበረው በመሠረት ደረት ላይ እንጂ በእግሯ ላይ አልነበረም። ያች ልጅ በዚያ ቀን አራተኛ ብትወጣም ኖሮ ሥዕሉ እዚያው ደረቷ ላይ ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ካሜራው ስለማይከተላት እኛ ባላየነው ነበር።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሩጫና ስለ አክሊል የጻፈው፣ በከተማቸው አጠገብ ይደረግ የነበረውን ጨዋታ እነርሱም ያውቁት ስለ ነበረ ነው። በዕድሜው መጨረሻ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍለት ግን ሌላውን ሁሉ ስለ መቅደሙ አንዳች አልተናገረም፤ የነገረው ሩጫውን ስለ መፈጸሙና ሃይማኖቱን ስለ መጠበቁ ነው።

ይህን ነገር ከማንም ይልቅ አጥርቶ ያሳየን የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ነው። በሮም ጎዳና ባዶ እግሩን ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ማታ፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ሁላችሁም በትምህርት ቤት ሰምታችኋል። እኔ የምወደው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አበበን ነው። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ እግሩን ታሞ ውድድሩን አቋረጠ፤ ወርቁንም ማሞ ወልዴ ለአገሩ አመጣው። በዚያው ዓመት በደረሰበት የመኪና አደጋ፣ ዓለም ያደነቃቸው እነዚያ እግሮች ዳግመኛ የማይራመዱ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር ሲታከም ከቆየ በኋላ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት እየወረወረ ተወዳደረ። ያገኘውን ድልና የደረሰበትን አደጋ ከአንዱ የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ተቀበላቸው የተናገረውም በዚህ ዘመን ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ብቻ ከእግዚአብሔር ነው እንላለን፤ ሁለተኛውን ለሰይጣን ወይም ለሾፌር እንሰጠዋለን። አበበ ግን ሁለቱን በአንድ እጅ ተቀበለ፤ ከሮምም ከቶኪዮም ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ በ1966 ዓ.ም. ገና በአርባዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለ ዐረፈ።

አሁን ከሩቅ አገር ወደ ራሳችን ደጅ እንመለስ። ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ፣ ቀድሞ ደሴት በነበረው ምድር ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ትምህርቱን ፈጽሞ መጥቶ ማኅበረ መነኮሳትን ያቋቋመበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በረድእነት የተማሩበት ቤት ነው። የገዳሙ አበምኔት በነገሥታቱ አደባባይ ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ ይከበር ነበር። በዚህ ቤት ከተማሩት መካከል አንዱ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ነው። ዛሬ ሊቅ ብለን የምንጠራው ይህ ሰው፣ ገድሉ እንደሚተርከው፣ በተማሪነቱ ትምህርት አልገባ ያለው፣ ባልንጀሮቹ ሁሉ የቀደሙት ልጅ ነበረ። መምህራኑም ተስፋ ስለ ቆረጡበት ሴት በማትገባበት በዚያ ገዳም የማኅበሩን እህል ለመፍጨት ወደ ወፍጮ ቤት ተላከ፤ ዓመታትም በዚያ አለፉ። እስቲ አስቡት፤ ከማዶ የጓደኞቹ የንባብ ድምፅ ይሰማል፤ እርሱ ተንበርክኮ መጁን ይገፋል፣ ይመልሳል፤ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ ይቀመጣል፤ እህሉ ሲያልቅ ሌላ ቁና ይመጣለታል።

ሰባኪዎቻችን ከዚህ ታሪክ የሚወዱት መጨረሻውን ነው፤ እመቤታችን ተገልጻ ጽዋ እንዳጠጣችው፣ ምሥጢርም እንደ ተገለጠለት። እኔም አምናለሁ። ነገር ግን የወፍጮው ዘመን ቶሎ ቶሎ ሲታለፍ ቅር ይለኛል። ጊዮርጊስ ከወፍጮው ሥር ሆኖ የለመነው ጓደኞቹን ለመብለጥ አልነበረም፤ የተላከበትንም እህል ሳይፈጭ አልዋለም። በኋላ የደረሰው መጽሐፈ ሰዓታት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሌሊት ሌሊት ሲጸለይ እስከ ዛሬ ሲኖር፣ በዚያ ዘመን እርሱን ቀድመው ያነበቡት ጓደኞቹ ስማቸው ማን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም።

ልጆቼ፣ በመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣውን ምዕመን የአምባሰል ልጆች ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ያን አቀበት የሚወጣ ሰው አንደኛ ማን ደረሰ ብሎ አይጠይቅም። እናት ዘወር እያለች የምትጠይቀው «ማን ቀረ?» ብላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ ጎዳና ሲያልፍም፣ ሰው አሮጊት እናቱን አዝሎ፣ ሕፃን እየጎተተ ወደ ደሴና ከዚያም ወዲያ በሮጠ ጊዜ፣ ሕዝቡ ባረፈበት ሁሉ ይሰማ የነበረው ጥያቄ ይኸው ነበር። ከእናንተም መካከል በዚያ ሩጫ የሮጣችሁ፣ ደብተራችሁን ጥላችሁ የሄዳችሁ አላችሁ። ያንን ሩጫ የሮጠ ሰው ዛሬ ጥቁር ካባ ለብሶ እዚህ ሲቀመጥ ስለ ሩጫ ከእኔ የሚማረው ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ነገሬን አላስረዝምም።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቃችኋለሁ። ከእናንተ ጋር በአንድ ዓመት ጀምረው ዛሬ በእነዚህ ወንበሮች ላይ ያልተቀመጡ አሉ። አንዱ ፈተናውን አላለፈም፤ አንዷ አባቷ ሞተውባት ታናናሾቿን ልታሳድግ ቀረች፤ አንዱ በባሕርና በበረሃ ወደ ዓረብ አገር ተሰደደ። እነርሱም ጸልየው ነበር። እናቶቻቸውም ለእናንተ እንደ ተሳሉት እናቶች ሁሉ ተስለው ነበር። እናንተ ያገኛችሁትን ምስክር ወረቀት «እግዚአብሔር ጸሎቴን ሰማ» ብላችሁ ስታመሰግኑ፣ አኮቴታችሁ ደግ ነው፤ ነገር ግን ያች ያልተመረቀች ጓደኛችሁ ባለችበት ቤት በር ላይ ቆማችሁ ይህንኑ ቃል ብትናገሩት ምን እንደሚመስል አስቡት።

በየቤታችሁ ድግሱ ተደግሷል፤ ዘመድ አዝማድም ከውጫሌና ከደሴ መጥቷል፤ ይህን ሁሉ ጥላችሁ ሂዱ አልልም። ነገ ግን ነጻ ናችሁ። እያንዳንዳችሁ ከቀሩት አንዱን ወይም አንዷን በስም ታውቃላችሁ። በማለዳ ተነሡና ሂዱ፤ ካባውንና ፎቶውን ከቤት ተዉት። ቡና ይፈላላችኋል፤ ወሎ ነውና ያለ ቡና አትመለሱም። አቦሉን ጠጥታችሁ ቸኩለናል ብላችሁ እንዳትነሡ፤ የልብ ጨዋታ የሚመጣው ከቶናው በኋላ ነው፤ በረካው እስኪወርድ ድረስ ቁጭ በሉ።