ከመስቀል እንግዳ የሸሸው ሕፃን

መስቀል አልፎ እንግዳው ወደየከተማው ሲመለስ ስልካችን አያርፍም። ዛሬ ከጥያ የደወሉልን አያት፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የዘጠኝ ወር የልጅ ልጃቸው ሊያቅፉት ሲሉ እሪ ብሎ እናቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። «ኦቲዝም ይሆን?» ይላሉ፤ ቅርም ብሏቸዋል።

አይደለም እማማ! በዚህ ዕድሜ እንግዳ ፊት አይቶ ማልቀስ የእናቱን ፊት ከሌላው መለየቱን ያሳያል። በየዓመቱ እናገራለሁ፣ በየዓመቱ ይደወላል። እናቱ ጭን ላይ እንዳለ ቀስ ብለው ያጫውቱት።

ፊት መለየት ከየት ይመጣል? እኔን የሚያስደንቀኝ ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት የሦስት ወር ሕፃናትን ፈተነ። በኢትዮጵያ የሚያድጉት ሕፃናት ጥቁር ፊት አብዝተው አዩ፤ የእስራኤል ነጭ ሕፃናት ነጭ ፊት። እስራኤል ውስጥ ሁለቱንም እያዩ የሚያድጉት ቤተ እስራኤላውያን ሕፃናት ግን አላዳሉም። በሦስት ወር! ዓይን የሚሠለጥነው በሚያየው ነው ማለት ነው።

«አርባ ቀን ሳይሞላው አያይም» የምትሉ፣ ያያል! አዲስ የተወለደ ሕፃን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ከሁሉ አጥርቶ ያያል፤ ከጡት እስከ እናት ፊት ያህል መሆኑ ነው። ባለፈው አንዲት እናት ፊቴ እያጠባች ስልኳን ትነካካለች። ልጁ ጡቱን ለቆ ቀና ብሎ ያያታል፣ ደግሞ ይጠባል፣ ደግሞ ያያል። እሷ ስልኩ ላይ ናት። ስልኩን ተቀበልኳት፤ ተቀየመችኝ። ትቀየም።

ሰዓት አልቋል ይሉኛል፤ ዋናውን ላፍጥን። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ኋላ ኦቲዝም የተገኘባቸው ሕፃናት በሁለት ወራቸው የሰው ዓይን የሚያዩት እንደ ሌላው ልጅ ነበር፤ እየቀነሰ የሄደው ከዚያ እስከ ስድስት ወር ነው። ይህን የለካው መሣሪያ ስለሆነ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ አትጨነቁበት። እናንተ የምታዩት ይኼን ነው፦ በሦስት ወሩ ፈገግ ስትሉለት ፈገግ የማይል፣ ዓመት ሞልቶት ስሙን ሲጠሩት ዞር የማይል፣ በዓመት ተኩል በጣቱ የማያሳይ ልጅ ይመርመር። ችግሩ የጆሮም ሊሆን ይችላል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ሲከፍቱ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ ቤት ተደብቀው ነበር።

«የወንድ ልጅ አፍ ይዘገያል» እያላችሁ እስከ ፋሲካ አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።