ገና በደራ ሜዳዎች፦ ትናንት፣ ዛሬና ነገ

(በአንበሳሜ ከተማ ለመምህራን፣ ለስፖርት ባለሙያዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የቀረበ ዲስኩር)

የተሰጠኝ ርእስ ከጀርባዬ እንደምታነቡት «ትናንት፣ ዛሬና ነገ» ይላል። ከሦስቱ የምወደው ትናንትን ነውና እሱ ላይ ብቆይ አትፍረዱብኝ።

ስለ ገና የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከተጫዋቹ ይነሣል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እንኳ አገራችንን ዞሮ በ1935 እ.ኤ.አ. የሐበሻን ጨዋታዎች በመጽሐፍ ሲያሳትም ዓይኑ ያረፈው በሚጫወተው ላይ ነው። እኔ ግን ከተመልካቹ ልነሣ። ዕድሜዬን የባህል ጨዋታ ሳይ ኖሬ የደረስሁበት ነገር ቢኖር፣ ገናን ያቆየው ዙሪያውን የሚቆመው ሰውና የሚቆምበት መሬት መሆኑን ነው።

እስቲ አስቡት። ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28፣ ከቅዳሴ መልስ ጾም ተገድፎ ጎረምሳው ዱላውን ይዞ ወደ ግጦሽ ይወጣል። ላይ ቤትና ታች ቤት ይገጥማሉ፤ አንዳንዴም ደብር ከደብር። የቡድን አባቶቹ ተነጋግረው «ከዚያች ዋርካ እስከ ወንዙ» ይላሉ፤ በቃ፣ ግቡ ተተከለ። የተጫዋቹ ቁጥር ስንት ነው? የመጣው ሁሉ። ዳኛው ማን ነው? ተመልካቹ። የሜዳው ዳርስ? ተመልካቹ የቆመበት። ሩሩ፣ ማለት የገናው ኳስ፣ ወደ ሰዉ ሲከንፍ ሰዉ ይበተናል፤ ዳሩም አብሮት ይሸሻል።

ከዚህ ብዙም በማይርቅ ግጦሽ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሁለት ጎረምሶች ሩሩን መሐል አድርገው ዱላቸውን አቆላልፈው ይታገላሉ። አንዲት እናት እንስራቸውን አዝለው ሜዳውን አቋርጠው መጡ። ማንም አቁሙ አላለም፤ ዱላው ሁሉ ዝቅ አለ። እናት «በርቱ» ብለው ሲያልፉ አንድ ብልጥ ልጅ ከኋላቸው ሩሩን ለግቶ ለግቶ ወንዝ አደረሰው። ጩኸት ሆነ! ግቡ ይቆጠራል፣ አይቆጠርም፤ ዱላም ሊማዘዙ ምንም አልቀራቸው። ዳር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አዛውንት ሳይነሡ «እናት ስታልፍ የተለጋ አይቆጠርም» ብለው ፈረዱ። ይህ ደንብ የትም አልተጻፈም። እንዲያውም ከዚያች ደቂቃ በፊት የኖረ አይመስለኝም። ልጁ ግን እያጉረመረመ ሩሩን ይዞ ተመለሰ። (አዎ፣ እዚህ የምትስቁት ሰዎች ልጁን ታውቁታላችሁ መሰለኝ፤ ስሙን አልጠራም።)

የፈረስ ጉግሱም ቢሆን እንዲሁ ነው። ጥር 25 ለመርቆሬዎስ ደብረ ታቦር የወጣችሁ ታውቃላችሁ። ፈረሰኛው የሚያልፍበትን መንገድ በኖራ ያሰመረ ማንም የለም፤ ሕዝቡ ራሱ ተከፍሎ ይሰጠዋል፤ ካለፈ በኋላ መልሶ ይገጥማል።

አሁን ትንሽ ራቅ ልበል፤ ታገሡኝ። የአክስቴ ልጅ የሚኖረው አውስትራሊያ፣ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ በሚባል የሐበሻ ምግብ ቤት የበዛበት ሰፈር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን የአውስትራሊያ እግር ኳስ እየቀረጸ ይልክልኛል። ሜዳው ሞላላ፣ ኳሷም ሞላላ፤ በየወገኑ 18 ሰው ይሰለፋል፤ በእጅም በእግርም ነው። በየጫፉ አራት ቋሚ ተተክሏል፤ በመካከለኞቹ በኩል በእግር የገባች 6 ነጥብ፣ ወደ ጎን የሳተች 1 ነጥብ ታስገኛለች። (ለሳተ ነጥብ የሚሰጥ ጨዋታ! ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው የፈተና ውጤታቸውም በዚሁ እንዲታይላቸው ጠየቁኝ።) እኔን የማረከኝ ግን ዳር ያለው ነው። ተመልካቹ መኪናውን የሜዳውን ዙሪያ ይዞ ያቆማል፤ ግብ ሲገባ ጡሩንባውን ይነፋል። በየሩቡ ዕረፍት ደግሞ ልጅ አዋቂው ሜዳ ይገባል፤ አሠልጣኙ ተጫዋቾቹን ሲቆጣ ከበው ያዳምጣሉ። አንዲት አሮጊት ሻይዋን እንደያዘች ከአሠልጣኙ ትከሻ ሥር ቆማ ራሷን በተቃውሞ ስትነቀንቅ አየሁ። የኛን አዛውንት ነው ያየሁት!

ታሪካቸውን ሳነብ ደግሞ የባሰ ገረመኝ። በነሐሴ 1858 እ.ኤ.አ. ሁለት የሜልበርን ትምህርት ቤቶች 40 በ40 ሆነው ገጠሙ። ቀድሞ ሁለት ያስቆጠረ ያሸንፍ ተባባሉ፤ ሦስት ቅዳሜ ተጫወቱ፤ አንድ ለአንድ ሆነው ቀሩ፤ አቻ ተባለ። በዓመቱ ግንቦት ውስጥ ቶም ዊልስ የሚባል ሰውና ጓደኞቹ ተቀምጠው አሥር ደንብ ጻፉ። የመጀመሪያው ደንብ ምን ይላል? የግቦቹን ርቀት የሁለቱ ቡድን አለቆች ይወስኑ ይላል። ይኸው «ከዚያች ዋርካ እስከ ወንዙ» ማለት አይደለም? ይጫወቱበት የነበረው መናፈሻም መሐል ለመሐል ዛፍ የበቀለበት ነበር፤ ዛፉም ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ካልሁ አይቀር ወደ ነገሬ ልግባ። በቅርቡ ከተማሪዎቼ ጋር በደራና በፎገራ ሽማግሌዎችን እየጠየቅን ቀድሞ ገና ይለጋባቸው የነበሩትን ሜዳዎች እየዞርን አየን። አንዱ በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ተደልድሏል። ከጉማራ ወንዝ ወዲያ ያለው ሩዝ ነው። ሌላው ቤት ተሠርቶበታል። ከሁሉ ይልቅ ግን ያገኘነው ባሕር ዛፍ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው «እዚያ ነበር» ሲሉን ወደ ጫካ ነው የሚያሳዩን። ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ እንደ መጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እነሱ በዛፉ መሐል ተጫወቱ፤ እኛ በመጫወቻው ላይ ዛፉን ተከልነው። ኳሳቸውን ሳይሆን ዛፋቸውን ነው የላኩልን!

ዛፉን አልረግምም፤ ልጆቼን ያስተማርሁት እኔም አጣና ሸጬ ነው። ነገር ግን ዱላውንም አብሮ እንደ ወሰደው ልብ በሉልኝ። የገና ዱላ ጫፉ ቆልመም ማለት አለበት። እረኛ ከኅዳር ጀምሮ የጎበጠ የወይራ ቅርንጫፍ ሲያይ «የኔ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ቆርጦ በትኩስ አመድ ይቀብረዋል፤ ሲለሰልስ ጫፉን አጉብጦ በገመድ ይጠፍረዋል፤ ሲደርቅ ቅቤ ያስጠጣዋል። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ነው፤ ወጋግራ ይሰጣችኋል እንጂ ለገና የሚሆን ጉብጥ ከየት ይመጣል? አንድ ልጅ የጃንጥላ እጀታ ይዞ ሲጫወት አይቻለሁ፤ በሁለተኛው ምት ተሰበረ።

ሰዓቱ ሄዷል መሰለኝ፤ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው። «ዛሬ» ስለሚለው ባጭሩ፦ የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን፣ ትግልን፣ ገበጣን፣ ጉግስን ጨምሮ 11 ስፖርቶችን ደንብ አውጥቶ በየዓመቱ ያወዳድራል። ገና መስመር ተሰምሮለት፣ ፊሽካ ተነፍቶለት ይካሄዳል። መልካም ነው፤ ለሽንጡና ለቅልጥሙም ይሻላል። ዳሩ ግን ለውድድር ከተማ የሚሄደው ጥቂት ሰው ነው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት እቤቱ ይቀራል።

«ነገ» ላይ ደግሞ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ማዘውተሪያ፣ ስለ ቱሪዝም እንድናገር ነበር የተጠበቅሁት። የጻፍሁትን ለጽሕፈት ቤቱ እሰጣለሁ፤ ሦስት ገጽ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱን ብቻ ልበል፦ በየቀበሌው የቀረውን የወል ግጦሽ አንድ አንዱን ለይታችሁ በገና ሜዳነት አስመዝግቡልን። አጥር አይፈልግም፤ መቀመጫም አይፈልግም። ዓመቱን ሙሉ ከብት ይጋጥበት፤ ለአንድ ቀን ሰው ይቆምበት። ዳሩ ላይ ወይራ ብትተክሉበት ዱላውም ከዚያው ይገኛል። ትምህርት ቤቶችም ማሠልጠኛ መጽሐፍ እስኪታተም አይጠብቁ፤ አዛውንቶቹ ገና በሕይወት አሉ።

ስለ ሽልማትና ስለ ትጥቅ የሚጠይቅ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እመልሳለሁ። በመጀመሪያ ግን እኒያ ከኋላ የተቀመጡት አባት ስለ እናትየዋ ሳወራ ጀምሮ እጃቸውን እንዳነሡ ናቸው፤ ግቡ ይቆጠር ነበር ሊሉኝ ነው መሰለኝ። እስቲ ማይኩን አቀብሏቸው።